የሐሙሱን ማስታወሻ ማን ያነበዋል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ማስተርስ እየተማርኩ ነው፤ ከቤት ሆኜ የምሠራው አጭር ኢንተርንሺፕ እንዴት ላግኝ? ሰርተፊኬት ይሰጣሉ ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ በሁለት መስመር ስመልስ ቆየሁ፤ ነገሩ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ የእኔን ታሪክ ከነዝርዝሩ ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ ቴሲሴ ቆሞ ነበር። ርዕሴ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ናሙና ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ ባክቴሪያዎቹ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጂኑን ለማባዛት የታዘዘው ፕራይመር ግን የለም። «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ከተባለ አምስት ወር አለፈ። ላብራቶሪ የሚሠራ ተማሪ ይህን ጊዜ ያውቀዋል። ጠዋት ጋውን ለብሰህ ትገባለህ፣ ፍሪዘሩ መሥራቱን ታያለህ፣ ትወጣለህ። ቤተሰብ ስልክ ደውሎ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ሲል የምትመልሰው ይጠፋሃል።

ጋላክሲ የሚባለውን መድረክ መማር የጀመርኩት በዚያን ጊዜ ነው። ለማታውቁት፣ ጋላክሲ በብራውዘር የሚከፈት የባዮሎጂ ዳታ መተንተኛ ነው፤ በነፃ ይሰጣል። ለእኛ ዓይነቱ ተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፦ የአንድ ባክቴሪያ የጂኖም ንባብ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዳታው በእኔ ኢንተርኔት በኩል አያልፍም። የናሙናውን መለያ ቁጥር ስጽፍ፣ ጀርመን ፍራይቡርግ ያለው አገልግሎት ከዓለም አቀፉ የመረጃ ቋት በቀጥታ ይስበዋል፤ እዚያው ይተነትነዋል። ወደ እኔ የሚመጣው ውጤቱ ብቻ ነው። ላፕቶፔ ያረጀ፣ ራሙ 4 ጊጋ ነበር። ሥራውን አስጀምሬ መብራት ቢጠፋብኝ እንኳ ሥራው እዚያ ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ ገብቼ ውጤቱን አያለሁ።

በዚህ መሃል አንድ አውሮፓ ያለ አነስተኛ የምርምር ቡድን ያዘጋጀውን መማሪያ ደረጃ በደረጃ ስሠራ አንዱ እርምጃ አልሠራ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ሁለት ቀን ደጋገምኩት። በኋላ ሳየው የመሣሪያው ስሪት ተቀይሮ የአንድ አማራጭ ስም ተለውጧል፤ መማሪያው ግን አልታደሰም። ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንደመጣብኝ፣ በምን እንደፈታሁት ጽፌ ላክሁላቸው። በማግስቱ ምስጋና መጣ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ስህተት አግኝቼ ስልክላቸው ግን ጥያቄ ጨመርኩበት፦ ቴሲሴ ቆሟል፤ በሳምንት 10 ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት፣ በርቀት አብሬአችሁ ልሠራ እችላለሁ ወይ? አልኩ። ሲቪ አላያያዝኩም። መብራትና ኔትወርክ እንደሚቆራረጥብኝም እዚያው ላይ ጻፍኩ።

ተቀበሉኝ። ክፍያ አልነበረውም፤ ይህንንም ቀድመው ነግረውኛል።

ለአማካሪዬ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «ቴሲስሽን ትተሽ ነው ወይ?» አሉኝ። «አይደለም ዶክተር፤ ፕራይመሩ እስኪገባ ነው። የምሠራው ከርዕሴ ጋር የሚገናኝ ነው» ብዬ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ሰዓቱን፣ የሚያልቅበትን ቀን፣ የሥራውን ዓይነት አንድ ገጽ ላይ ጽፌው ነበር። አንብበው ፈረሙልኝ። ይህን ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ። ከአማካሪ ተደብቆ የሚሠራ ኢንተርንሺፕ፣ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ በምትፈልጉበት ቀን ችግር ያመጣል።

ሥራው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነበር። በየሐሙሱ ማታ ከቡድኑ ሥራዬን ለምትከታተለው ሜንተሬ አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ አለብኝ፦ በሳምንቱ ምን ሠራሁ፣ የት ላይ ተያዝኩ፣ ቀጥሎ ምን አስባለሁ። በየሁለት ሳምንቱ አርብ በቪዲዮ እንገናኛለን፤ ኔትወርክ ከሌለ ማስታወሻው ይበቃል። (የቀጠሮ ሰዓትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አውሮፓ በጥቅምት አጋማሽ ገደማ፣ በእነርሱ የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ ሰዓቱን ይቀይራል። በእኛ 10 ሰዓት የነበረው ስብሰባ 11 ሰዓት ይሆናል። ሰዓቱን ስትቀጣጠሩ በእነርሱም በእኛም ጻፉት።)

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ስክሪፕት ላይ ተያዝኩና አራት ቀን ዝም አልኩ። እዚህ ያደግን ሰዎች ይህ ይገባናል፤ መምህርን ደጋግሞ መጠየቅ ይከብደናል፣ ይሉኝታ ይይዘናል፣ ራሴ ልወጣው እንላለን። ላብራቶሪ ውስጥ ዝም ብትሉ ቢያንስ ሰው ያያችኋል፤ ወንበራችሁ ላይ አላችሁ። በርቀት ሥራ ዝም ያለ ሰው የሌለ ሰው ነው። ሜንተሬ «ደህና ነሽ?» ብላ ስትጽፍልኝ አፈርኩ። ችግሩን ነገርኳት፤ በአሥር ደቂቃ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ለራሴ ወሰን አበጀሁ፦ አንድ ነገር ላይ ሁለት ሰዓት ከታገልኩ እጠይቃለሁ።

ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው። በዓለም አቀፉ ቋት ውስጥ ከአፍሪካ አገሮች የተላኩ የባክቴሪያ ጂኖሞች አሉ። ቋቱ ስንል አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን ያሉ ሦስት ተቋማት እርስ በርስ እየተለዋወጡ የሚያስቀምጡት ነው፤ አንዱ ጋ የገባ ሌላውም ጋ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ጂኖም ጋር መግለጫ አለ፦ ናሙናው ከየት አገር፣ ከሰው ወይስ ከእንስሳ፣ መቼ ተወሰደ። ብዙዎቹ ላይ ይህ መግለጫ ጎዶሎ ነው። የእኔ ድርሻ የታተመውን ጽሑፍ ፈልጎ ማንበብ፣ የጎደለውን መሙላት፣ የሚጋጨውን መመዝገብ ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ እኔንም መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር። «ጂኖም እተነትናለሁ ብዬ ገብቼ ቀን እየመዘገብኩ ነው» አልኩ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ከአገራችን የተላከ አንድ ናሙና ደረሰኝ። በቋቱ ውስጥ ናሙናው የተወሰደበት ጊዜ ጁላይ 2009 ይላል። ጽሑፉን ስከፍት የሥነ ምግባር ፈቃዱ የተሰጠው በ2017 ነው። ናሙናው ከፈቃዱ በስምንት ዓመት ሊቀድም አይችልም። ትንሽ አሰብኩና ገባኝ። ሐምሌ 2009 ነው፤ በእኛው። ወሩ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል፣ ዓመቱ ሳይቀየር ቀርቷል። እኛ ሐምሌ 2009 ስንል በጎርጎርዮሳዊው 2017 ነው።

በማስታወሻዬ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ይህ ዓመት የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይመስለኛል። አስፈላጊነቱ አልታየኝም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከሜንተሬ የመጣው መልስ ረጅም ነበር። ስለሌላው ሥራዬ አንድም ቃል የለም፤ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልዩነቱ ስንት ዓመት ነው? ሁልጊዜ እኩል ነው? ሌሎች እንዲህ ያሉ ናሙናዎች ይኖሩ ይሆን?

ለምን እንደዚያ እንደተነሣሣች የገባኝ ናሙናው የያዘውን ጂን ስታሳየኝ ነው። ኤንዲኤም ይባላል፤ እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚታሰቡትን ካርባፔኔም የተባሉ አንቲባዮቲኮች የሚሰብር ኢንዛይም የሚሠራ ጂን ነው። ስሙ ከኒው ደልሂ የተወሰደ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተለየው በ2008 ሕንድ ታክሞ ወደ ስዊድን ከተመለሰ ሕመምተኛ በተገኘ ባክቴሪያ ላይ ነው። ቋቱ ላይ ያለው ቀን እውነት ቢሆን ኖሮ ጂኑ ከአንድ ዓመት በኋላ እኛ ዘንድ ደርሷል ማለት ነበር። በዓመትና በቦታ የጂኑን ጉዞ የሚስል ተመራማሪ፣ አንድ የተሳሳተ ዓመት ይዞ መንገዱን በሙሉ ሊያጣምመው ይችላል። ቀን መመዝገብ ያሰለቸኝ ሰው ያን ዕለት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብዬ የአገራችንን ናሙናዎች ከመጀመሪያው ደግሜ አየኋቸው። ሁለት አጠራጣሪዎች ጨመርኩ።

መረጃውን ማስተካከል የሚችለው ያስገባው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለጽሑፉ ባለቤት በአማርኛ ጻፍኩላቸው፤ በአክብሮት፣ ጥፋት ፍለጋ እንዳልሆነ ገልጬ። አሥራ አንድ ቀን ቆይተው መለሱልኝ። «ልክ ነሽ እህቴ። በእኛው አቆጣጠር ነው። አስተካክላለሁ፤ አመሰግናለሁ።» አስተካከሉትም።

እንግዲህ «የትኛውን ልምረጥ?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ከዚህ ይነሣል። የተቋሙን ስም አትጠይቁ፤ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን የሚነግራችሁ ካለ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያነብ የሚነግራችሁ ካለ፣ ግቡ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው ባይኖር ኖሮ ስምንት ሳምንት ሠርቼ ሠንጠረዥ ብቻ አስረክቤ እወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ፕሮግራምም ሞክሬ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የምዝገባ ክፍያ አለው፣ በብዙ መቶ የምንቆጠር ተሳታፊዎች አንድ ቡድን ውስጥ ገባን፣ የተቀዳ ቪዲዮ ይለቀቃል፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ በአራተኛው ሳምንት ያማረ ሰርተፊኬት ይመጣል። ቪዲዮዎቹ መጥፎ አልነበሩም። ግን ኮርስ ነው፤ ኢንተርንሺፕ አይደለም። ኮርስ ብላችሁ ክፈሉ፤ ቢያንስ የምትገዙትን እወቁ። ሲቪያችሁን የሚያይ ፕሮፌሰር «ምን ሠራሽ?» ብሎ ሲጠይቅ የምታሳዩት ሊንክ ያስፈልጋችኋል፤ የታረመ መማሪያ፣ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ስክሪፕት፣ የተስተካከለ መዝገብ። ትንሽ ይሁን፤ ያለቀ ይሁን።

ስለ ክፍያ ደግሞ። በሳምንት 10 ሰዓት ያለ ክፍያ ለአጭር ጊዜ መሥራት ለእኔ አዋጣኝ፤ ሙሉ ቀን ያለ ክፍያ ለወራት ሥሩ የሚሏችሁን ግን እምቢ በሉ። የቤት ኪራይ የምትከፍሉ ሰዎች ናችሁ። የሚከፍሉም አሉ። አውትሪቺ የተባለው ፕሮግራም ለሦስት ወር፣ በሳምንት 30 ሰዓት ያህል፣ በርቀት ያሠራል፤ ለተሳታፊው 7,000 ዶላር ይከፍላል። በነፃ ሶፍትዌርና በክፍት ሳይንስ ላይ ያተኮረ ነው፤ በዘርፉ ውክልናቸው አነስተኛ ለሆነና አድልዎ ለሚደርስባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በዓመት ሁለት ዙር አለው፤ አንዱ ከግንቦት አካባቢ፣ ሌላው ከኅዳር መጨረሻ ገደማ ይጀምራል። ምርጫው የሚካሄደው በሲቪ አይደለም። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያለፉ ሰዎች ፕሮጀክት መርጠው ለሳምንታት ትንንሽ ሥራ ይሠራሉ፤ የሚመረጡት ሥራቸው ታይቶ ነው። እኔ መማሪያውን ሳርም ሳላውቀው ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ሌላው ከ2005 ጀምሮ ያለው የጉግል ሰመር ኦቭ ኮድ ነው። ስሙ ኮድ ስለሚል የሳይንስ ተማሪዎች ያልፉታል፤ ግን ለባዮኢንፎርማቲክስ፣ ለአስትሮኖሚ፣ ለፊዚክስ ሶፍትዌር የሚሠሩ ቡድኖችም ይገቡበታል። ሥራዎቹ 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት ተብለው ይከፈላሉ። ቴሲስ ላይ ላላችሁ 90 ወይም 175 ይሻላል። ክፍያው እንደምትኖሩበት አገር ይለያያል። የተመረጡት ድርጅቶች ዝርዝር ብዙውን ጊዜ የካቲት ውስጥ ይወጣል፤ ማመልከቻው መጋቢት ላይ ነው። ዝርዝሩ ከወጣ ጊዜው አጭር ስለሆነ፣ የሚስባችሁን ቡድን ከአሁኑ ፈልጉና መማሪያቸውን ሠርታችሁ እዩ። የትም ብትገቡ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚላክ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ባንካችሁንም ሄዳችሁ አነጋግሩ።

ፕራይመሩ ኅዳር መጨረሻ ላይ ገባ። ኢንተርንሺፑ አልቆ ነበር። የመጀመሪያውን ጄል የሠራሁት ሐሙስ ቀን ነው፤ ማታ ከልማድ የተነሣ ላፕቶፔን ከፍቼ ምን ሠራሁ፣ የት ላይ ተያዝኩ፣ ቀጥሎ ምን አስባለሁ ብዬ ጻፍኩ። ስጨርስ የምልክለት ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ከጄሉ ፎቶ ጋር ለአማካሪዬ ላክሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሳልጠራ ጽፌላቸው አላውቅም። ጠዋት አንድ መስመር መልስ ጠበቀኝ፦ «የኔጌቲቭ ኮንትሮሉ መስመር የት አለ?»