ወዳጆችዎ ለምን ከእርስዎ የበለጠ ወዳጅ ኖራቸው?

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጡ። አራት ነጥብ ያኑሩና ስም ይስጧቸው፦ አስቴር፣ ከበደ፣ ሐና፣ ዮናስ። አስቴር የሦስቱም ወዳጅ ናት፤ ከእሷ ወደ እያንዳንዳቸው መስመር ያስምሩ። ሐናና ዮናስም ይዋደዳሉ፤ እነሱንም ያገናኟቸው። ከበደ ከአስቴር ሌላ ወዳጅ የለውም። ማኅበራዊ ትስስርን በሒሳብ የሚያጠኑ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ ነው፤ ሰው ነጥብ ይሆናል፣ ወዳጅነት መስመር። ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ነጥቡ በሚሊዮን ሲቆጠር ነው።

አሁን እንቁጠር። አስቴር 3 ወዳጅ አላት፣ ሐናና ዮናስ ሁለት ሁለት፣ ከበደ 1። ድምሩ 8 ነው፤ ለአራት ሲካፈል አማካዩ 2 ይሆናል። ቀጥለን እያንዳንዳቸውን «ወዳጆችህ በአማካይ ስንት ወዳጅ አላቸው?» ብለን እንጠይቅ። የከበደ ወዳጅ አስቴር ብቻ ስለሆነች መልሱ 3 ነው። ሐና አስቴርንና ዮናስን ትጠራለች፤ አማካያቸው 2.5። ዮናስም አስቴርንና ሐናን ይጠራል፤ የእሱም 2.5። ከአራቱ ሦስቱ ከወዳጆቻቸው አንሰው ተገኙ። በልጣ የተገኘችው አስቴር ብቻ ናት።

ነገሩ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። አስቴር በሦስት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ሦስት ጊዜ ተቆጠረች፤ ከበደ ግን አንዴ ብቻ። ሠርግ የማይቀርበትን ሰው በሄዱበት ሠርግ ሁሉ ያገኙታል፤ ከቤቱ የማይወጣውን ግን አያዩትም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ሠርግ ወዳድ ይመስልዎታል። ሁሉም እኩል ወዳጅ ቢኖረው ልዩነቱ ፈጽሞ አይኖርም ነበር። የወዳጅ ቁጥር ከሰው ሰው በተራራቀ መጠን ግን ልዩነቱ ይሰፋል።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ስኮት ፌልድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ አሳየ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ 721 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ሲጠኑ የአንድ ሰው ወዳጆች ቁጥር በአማካይ 190 ነበር፤ የወዳጆቹ ወዳጆች ግን በአማካይ 635። ከመቶው ተጠቃሚ 93ቱ ከወዳጆቻቸው አማካይ በታች ነበሩ። ስልክዎን ከፍተው «ሰው ሁሉ ከእኔ ይበልጣል» ብለው ከሆነ፣ ቢያንስ በወዳጅ ብዛት ረገድ አብዛኛው ተጠቃሚ እንደ እርስዎ ነው።

ይህ መዛነፍ ሥራም ይሠራል። ወረርሽኝ ብዙ ሰው ወደሚያገኘው ሰው ቀድሞ ይደርሳል። እነዚህን ሰዎች ለማወቅ የከተማውን ትስስር በሙሉ መሳል ያስፈልጋል ቢባል ማንም አይችለውም። መላው ግን ቀላል ነው፤ ጥቂት ሰዎችን በዕጣ ይምረጡ፣ «አንድ ወዳጅህን ጥራልኝ» ይበሏቸው፣ ከዚያ ጠሪውን ትተው የተጠራውን ይከታተሉ። በዝርዝር ውስጥ ደጋግሞ የሚገባው ሰው የመጠራት ዕድሉም ሰፊ ነው።

ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር ይህንኑ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤች1ኤን1 ጉንፋን ሲዛመት 744 ተማሪዎችን ተከታተሉ፤ 319ኙ በዕጣ የተመረጡ፣ የቀሩት በእነዚሁ የተጠሩ ወዳጆች ነበሩ። በሽታው በወዳጆቹ ዘንድ ወደ 14 ቀን ያህል ቀድሞ ታየ። ለጤና ባለሙያ ሁለት ሳምንት ክትባት የሚያሰናዳበት ጊዜ ነው።

መላው ገጠርም ደርሷል። በሆንዱራስ ሌምፒራ ክልል በ32 መንደሮች ቫይታሚንና የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ለማስለመድ ጥናት ተካሂዶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ትምህርቱ መጀመሪያ በዕጣ ለተመረጡ ሰዎች ከሚሰጥ ይልቅ፣ እነሱ ለጠሯቸው ወዳጆች ሲሰጥ የቫይታሚኑ ተቀባይነት በ12 በመቶ ገደማ ጨመረ። ብዙ ወዳጅ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው በቁጥር ተለይተው በተመረጡባቸው መንደሮች ግን ውጤቱ ከዕጣው አልበለጠም። መስመር መቁጠር ማን ብዙ ሰው እንደሚያውቅ ይናገራል፤ ጎረቤት የማንን ምክር እንደሚቀበል ለማወቅ ግን ጎረቤቱን ራሱን መጠየቅ ይሻላል።