የይፋግ ኬላና የባሕር ማዶ ድረ ገጽ

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ወደ ደቡብ በሚወርደው የንግድ መንገድ ላይ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። አሞሌውና ጠገራ ብሩ በዚያ ይገናኙ ነበር። የዘመኑ ገዥ ነጋዴውን በኬላ አስቁሞ ቀረጥ ያስከፍለዋል፤ በቅሎው ከነጭነቱ በፊቱ ቆሟልና። ጠገራውን በምታወጣው በቪዬና ላይ ግን ትእዛዝ ሊሰጥ አይችልም ነበር።

የዛሬዎቹም መንግሥታት ከባሕር ማዶ ድረ ገጾች ጋር ያላቸው ጣጣ ይኸው ነው። አገራችን በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው ዐዋጅ ቁጥር 1185 የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች የጥላቻ ንግግር ሲነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ደነገገች። ዳሩ ግን የእሥራቱ ቅጣት የሚያገኘው በአገር ውስጥ ያለውን ጸሐፊ እንጂ ካሊፎርኒያ የተቀመጠውን ባለቤት አይደለም።

ታዲያ በሩን መዝጋት ይሻላልን? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው ነበር። ብዙ ሰው ግን በቪፒኤን አሳብሮ ገባ። ኬላው የተዘጋው መንገዱን ላላወቀው ለየዋሁ ብቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ከንቱ ድካም ነው ማለት አይደለም። ብራዚል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ኤክስን ብትዘጋ፣ ድርጅቱ በመስከረም 2017 ዓ.ም. መቀጫውን ከፍሎና ሕጋዊ ወኪል ሾሞ ተመለሰ። ያስገደደው የሚያጣው ሰፊ ገበያ ስለ ነበረው ነው።

ገበያው አነስተኛ የሆነ አገርስ? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው፣ አስቀድሞ በፌስቡክ አባቱ ላይ የተጻፈውን እንዲያነሡ ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሣም ሲል በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ክሱን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ይህ የሥልጣን ጥያቄ መልስ እንጂ የዋናው ክስ ፍርድ አልነበረም፤ ቢሆንም ሩቅ ያለው ባለ ድርጅት በጎረቤት ደጅ ሊጠራ እንደሚችል አሳይቷል።

እንግዲህ የኬላ ጠባቂ ኀይሉ በበሩ ውፍረት ሳይሆን ከበስተኋላው ባለው ገበያ ነው። ብቻውን የቆመ አገር ደጁን ቢዘጋ የሚጎዳው የራሱን ተማሪና ነጋዴ ነው። ጎረቤታሞች አንድ ሕግ፣ አንድ ገበያ ቢያቆሙ ግን ነጋዴው ቆሞ ይሰማል። ነገ ሕግ የምታረቅቁ ወጣቶች፣ ከቁልፉ በፊት ገበያውን አስቡ።