ጌሾው ስንት ይሁን?

አንድ ጋን ጠላ ሲኮመጥጥ ብዙ ነገር አብሮ ይጠፋል። እህሉ ይጠፋል። ማገዶው ይጠፋል። የሴቶች የሳምንት ድካም ይጠፋል። ለደቦ የመጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲያጭዱ ውለው፣ ማታ ሽክናውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ማየትማ ለባለቤቲቱ እንዴት ያለ ኀፍረት ነው! ኀፍረቱስ ያልፋል። ገብሱ ግን አይመለስም። ያ ገብስ በክረምት ለልጆች ቂጣና በሶ ይሆን ነበር።

ልጅ ሳለሁ በሠፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ለማኅበር ጠላ ጠመቁ። ጋኑ በድግሱ ቀን ሲከፈት ሽታው እደጅ ድረስ መጣ። ሆምጣጤ ሆኗል! አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» አለ። ሌላው «ጋኑ በደንብ አልታጠነም» አለ። አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ልጄ፣ ጌሾው አንሶታል» አሉ።

እኚያ እናት ነገሩን አልረሱትም። በሚቀጥለው ድግስ ጌሾውን እጥፍ አድርገው ጨመሩ። እውነትም ጠላው አልኮመጠጠም። ግን ማን ይጠጣው? እሬት ሆነ። እንግዳው ሁሉ አንድ ሽክና ይዞ አመሸ። «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል እንጂ «መሮኛል» አይል። ማታ ጋኑ ከነሙላቱ ተቀመጠ።

ሲያንስ ይኮመጥጣል። ሲበዛ ይመራል። ልኩ ታዲያ የት ላይ ነው?

በጋኑ ውስጥ ያሉት

የጠላ አጠማመቅ ለባለሙያ እናት አይነገርም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ብቅሉ፣ ቂጣው፣ አሻሮው፣ እንኩሮው በየተራው ይገባል። ይደፈደፋል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ አፉ ይታሸጋል። ይህን ሁሉ አንባቢዎቻችን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። እኛ የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው።

ከብቅሉ እንጀምር። እህል ውኃ ውስጥ ከርሞ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል በውስጡ አንድ ኃይል ያበጃል። ይህ ኃይል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጣል። የደረቀ ብቅል ስትቀምሱት የሚጣፍጣችሁ ለዚህ ነው። አሻሮና እንኩሮ ግን እሳት ስላገኛቸው ይህ ኃይል የላቸውም። ቀለምና ጣዕም ይሰጣሉ። ዱቄታቸውን ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው። ስለዚህ ብቅል በፀሐይ ይደርቃል እንጂ እንደ አሻሮ በምጣድ አይቆላም። ቸኩሎ የቆላው ሰው ጠላው አልፈላ ይለዋል።

ስኳሩን የሚበላው እርሾ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው፣ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ነገር ነው። ለጠላ እርሾ ገዝቶ የሚጨምር የለም። ከእህሉ፣ ከጌሾው ቅጠልና ከጋኑ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ጥንስሱ ሲንተከተክ የምታዩት ያ ጋዝ ነው።

ግን እርሾው በጋኑ ውስጥ ብቻውን አይደለም። አኮምጣጭ የሆኑ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳትም አሉ። አንዳንዶቹ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ዓይነት ናቸው። ጥቂት ሲሆኑ ለጠላው ደስ የሚል መጎምዘዝ ይሰጡታል። ሲበዙ ያበላሹታል። ሌሎቹ ደግሞ አየር ሲያገኙ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታል። የጋኑ አፍ በጭቃ የሚመረገው ለዚህ ነው። «ደርሶ ይሆን?» እያሉ በየቀኑ ከፍቶ መቅመስ ለእነዚህ በር መክፈት ነው።

ጌሾ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ሲመረመር እንደታየው ጌሾ እርሾውን ብዙም አይጎዳውም፤ አኮምጣጮቹን ግን ያዳክማቸዋል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራም አያስፈልግ። በደቡብ አገራችን ቦርዴ የሚባል መጠጥ አለ። ከእህልና ከብቅል ነው የሚሠራው። ጌሾ አይገባበትም። ስለዚህ በትኩሱ ይጠጣል እንጂ እንደ ጠላ ለሳምንት አይቀመጥም። ቢያቆዩት ይኮመጥጣል።

ሁለተኛው የጌሾ ሥራ ምሬቱ ነው። ብቅሉ ያጣፍጣል፤ ጌሾው ያንን ጣፋጭ ይቆርጠዋል። ጠላ ያለ ምሬት ለአንድ ሽክና ደግ ነው፤ በሁለተኛው ይሰለቻል።

የቢራው ጌሾ

የፋብሪካ ቢራ የጠላ ዘመድ ነው። እርሱም ከገብስ ብቅል ይጠመቃል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 ነው። በቢራ ውስጥ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ሆፕ የሚባል ተክል ነው። ሆፕ እንደ ሐረግ በገመድና በእንጨት ላይ እየተጠመጠመ ያድጋል። የሚፈለገው የሴቴው ተክል አበባ ነው። በአበባው ቅጠሎች ሥር ቢጫ ብናኝ አለ። ምሬቱ ያለው በዚያ ብናኝ ላይ ነው።

የአውሮፓ ሰዎችም የእኛን ጥያቄ ጠይቀዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረችው ጀርመናዊት መነኵሲት ሂልደጋርድ ዘቢንገን፣ ሆፕ በምሬቱ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፋለች። በ1516 በባቫሪያ አገር ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በቀር እንዳይጠመቅ አዋጅ ወጣ። እርሾ በአዋጁ ውስጥ የለም። በዚያ ዘመን እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የሚያውቅ አልነበረምና።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ በየቤቱ ቢራ የሚጠምቁ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሆፕን በእፍኝ አይጨምሩም። በሚዛን ይመዝናሉ። ሰዓትም ይይዛሉ። የሆፕ ምሬት የሚወጣው ሲፈላ ነው። አንድ ሰዓት ያህል የፈላ ሆፕ ብዙ ይመራል። በመጨረሻ ላይ የተጨመረ ግን ጥቂት ይመራል፤ ሽታው ይቀራል። ለምሬት ቁጥርም አውጥተውለታል። በ1 ሊትር ቢራ ውስጥ 1 ሚሊግራም ያህል መራራ ነገር ካለ 1 ይሉታል። ቀለል ያለ ቢራ ከ10 እስከ 20 ይሆናል። መራራ የሚባለው 40 እና 60 ይደርሳል፤ ከዚያም ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ሁለት ቢራዎች የምሬት ቁጥራቸው እኩል 30 ቢሆን በአፍ እኩል አይመሩም። ብቅሉ የበዛበት ወፍራም ቢራ ምሬቱን ይሸፍነዋል። በቀጭኑ ላይ ግን ያው ምሬት ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ጠማቂዎቹ «ሆፕ ስንት?» ብለው ብቻ አይጠይቁም። «ለዚህ ብቅል ሆፕ ስንት?» ይላሉ።

የእኚያ እናት ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። ጌሾውን እጥፍ ሲያደርጉ ብቅሉ ያው ነው፤ ውኃውም ያው ነው። ደግሞ ለእኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ጠላ የተበላሸው በጌሾ ብቻ አይደለም። ጋኑ ከድግሱ በፊት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ እንደነበር ኋላ ሰምተናል። ጌሾ የክዳንን ሥራ አይሠራም። ያልታጠበ ጋንንም አያጥብም።

እፍኝ አይታመንም

«እኔ ጌሾ በእጄ ነው የማውቀው» የሚሉ እናቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። የ30 ዓመት እጅ ሚዛን ነው። ችግሩ እጁ ለልጅ አይወረስም። የእናት እፍኝና የልጅ እፍኝ አንድ አይደሉም።

ጌሾውም አንድ አይደለም። ቅጠል አለ፤ እንጨት አለ። ለጠላ ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ይመረጣል። ከጓሮ ተቀጥፎ የደረቀ አለ፤ በገበያ ጆንያ ውስጥ ከርሞ የመጣ አለ። ያልተወቀጠ ቅጠል ጣሳውን ቶሎ ይሞላዋል። የተወቀጠው ግን ተጠቅጥቆ ይገባል። አንድ ጣሳ ያልተወቀጠና አንድ ጣሳ የተወቀጠ ጌሾ ስማቸው አንድ ጣሳ ነው፤ ምሬታቸው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወቅጣችሁ ስፈሩ። በአንድ ጣሳ ስፈሩ። አፉን በእጃችሁ ጥረጉትና ልክ አድርጉት። ሚዛን ያለው ጎረቤት ካለማ በኪሎ መመዘኑ ይሻላል።

ሙከራውን ግን በድግስ ጋን አትጀምሩት። በሦስት ትንንሽ ማሰሮ ጀምሩ። ሦስቱንም እኩል እጠቡ፤ እኩል እጠኑ። በእያንዳንዱ ውስጥ የተፈጨ ብቅል 5 ሲኒ አድርጉ። አሻሮው፣ እንኩሮው፣ ውኃው በሦስቱም እኩል ይሁን። ጌሾው ብቻ ይለያይ። በመጀመሪያው 1 ሲኒ፣ በሁለተኛው 2 ሲኒ፣ በሦስተኛው 3 ሲኒ። ጌሾው የሚጠነሰስበት ቀንም እኩል ይሁን። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ምሬቱ ይጨምራልና። ማሰሮዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጡ። አንዱን ከምድጃ አጠገብ፣ አንዱን ከበር አጠገብ ካደረጋችሁ ሙከራው ፈረሰ።

ከዚያ በወረቀት ላይ እንዲህ ጻፉ፦

ማሰሮ 1። ብቅል 5፣ ጌሾ 1።
ማሰሮ 2። ብቅል 5፣ ጌሾ 2።
ማሰሮ 3። ብቅል 5፣ ጌሾ 3።

የጠነሰሳችሁበትን ቀንም ጻፉ። ሲደርስ ቅመሱና ጣዕሙን በየማሰሮው አጠገብ ጻፉ። «ጣፈጠ»፣ «መረረ»፣ «ኮመጠጠ» ማለት ይበቃል። ከዚያ 3 ቀን ቆይታችሁ እንደገና ቅመሱ። የመጀመሪያ ቀን የጣፈጠው ማሰሮ ቀድሞ ኮምጥጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። የትኛው ማሰሮ የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰውም አስቀምሱ። ባል ጥሩ ዳኛ ነው፤ ግን ቁጥሩን አይንገሩት።

ሁለተኛው ማሰሮ በለጠ እንበል። አሁን ለጋኑ ሒሳብ ይሠራል። ለጋኑ የሚገባው ብቅል 50 ሲኒ ከሆነ ከማሰሮው 10 እጥፍ ነው። ጌሾውም 10 እጥፍ ይሆናል። 2 ሲኒ በ10 ሲባዛ 20 ሲኒ። አለቀ።

ልኩ በየቤቱና በየአገሩ ይለያያል። በቆላ ሙቀት ስላለ ጠላ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ጌሾው ጠንከር ይላል። በደጋ ቀነስ ቢል አይጎዳም። ነገ ከነገ ወዲያ ተጠጥቶ የሚያልቅ ጠላና ሁለት ሳምንት የሚቀመጥ ጠላም አንድ ዓይነት ጌሾ አይፈልጉም። ተራ ጠላ ከ100 እጅ ከ2 እስከ 4 እጅ ያህል አልኮል አለው። ወፍራሙና የተጣራው ከዚያ ይበልጣል። ብቅሉ በዝቶ ወፍራም ሲሆን ምሬት ይሸከማል። ቅራሪ ግን አይሸከምም።

እኚያ የሠፈራችን እናት በሦስተኛው ድግስ ልኩን አገኙት። ፊደል አያውቁም ነበር። ከጋኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል መስመር አሰመሩ። ለብቅሉ በአንድ በኩል፣ ለጌሾው በሌላ በኩል። ለእያንዳንዱ ጣሳ አንድ መስመር። ብዙ ዓመት በዚያ መስመር ጠመቁ። አንድ ዓመት ለፋሲካ ቤቱ ሲለቀለቅ ምራታቸው ሳታውቅ መስመሩን ለቀለቀችበት። እሳቸው ቁጥሩን በቃል ስለያዙት ሣቁ። ልጃቸው ግን ደብተሯን አመጣችና እየጠየቀች ጻፈችው። ዛሬም ከሳጥኗ ውስጥ አለ። «ብቅል 10 ጣሳ። ጌሾ ተወቅጦ 4 ጣሳ። ለክረምት ግማሽ ጣሳ ይቀነስ» ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ጋኑን እማማ ሳያዩ የከፈተ ወዮለት» የሚል አለ።