ከሠራዊት የወጡ የጭነት መኪናዎችና የአየር ፍሬናቸው

የአሜሪካ ጦር ኃይል በጭቃ፣ በአሸዋና መንገድ ባልወጣለት ምድር ላይ እንዲሄዱ ያሠራቸው ከባድ የጭነት መኪናዎች የአገልግሎት ዘመናቸው ሲያበቃ በሐራጅ ለሕዝብ ይሸጣሉ፤ ገበሬው፣ ግንድ አጓጓዡና የግንባታ ተቋራጩም ከአዲስ መኪና እጅግ ባነሰ ዋጋ የሚገዟቸው ለጉልበታቸው ነው። በአገሪቱ ገጠር ያሉ የእሳት አደጋ ቡድኖችም በፌዴራል መንግሥቱ የትርፍ ንብረት ፕሮግራም እየተረከቡ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ እየጫኑ የሰደድ እሳት ያጠፉባቸዋል። ከእነዚህ መኪናዎች በብዛት በሲቪል እጅ የሚገኙት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1950 ሪዮ በተባለው ፋብሪካ ማምረት የተጀመረውና በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የዘለቀው ኤም 35 ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው፣ የከሚንስ ሞተርና የአሊሰን አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ኤም 939 ነው።

ሠራዊቱ ለኤም 35 የሰጠው የመጫን አቅም ከመንገድ ውጪ ሁለት ተኩል ቶን፣ በደህና መንገድ ላይ አምስት ቶን ሲሆን፣ ለኤም 939 ደግሞ ከመንገድ ውጪ አምስት፣ በመንገድ ላይ አሥር ቶን ነው፤ የአሜሪካ ቶን 907 ኪሎ ግራም ስለሆነ ቁጥሮቹ እኛ ከለመድነው ቶን ጥቂት ያንሳሉ። ገዢዎች ሞተሩ ከዚህ በላይ ያለችግር ሲጎትት ሲያዩ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረው አቅም የወታደር ጥንቃቄ ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ቢያንስ መኪናው ይዘገያል እንጂ ሌላ ጉዳት አያመጣም፣ ቁልቁለት ለመውረድ የሚያስፈልገው የማቆም ኃይል ቢያንስ ግን መኪናውና ጭነቱ ከነሾፌሩ ይጠፋሉ። ስለዚህ የአንድ የጭነት መኪና እውነተኛ አቅም መጠየቅ ያለበት ከሞተሩ ሳይሆን ከፍሬኑ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከነተሳቢው 20 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ያለው ቁልቁለት ሲወርድ፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ 98 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ይህም 300 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ሊያሞቅ የሚችል ነው። የአባይ በረሃ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ በዚያ የሚያልፍ ተመሳሳይ መኪና ከዚህ እጥፍ በላይ የሆነ ሙቀት ያስተናግዳል። ሾፌሩ መኪናውን በከባድ ማርሽ ካልያዘው፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ከጎማው ጋር በሚዞረው የብረት ታምቡርና ከውስጥ በሚያሻሸው የፍሬን ሸራ ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከመጠን በላይ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው የማይቆምበት ሁኔታ ይፈጠራል።

የኤም 35 ፍሬን ሙሉ በሙሉ በአየር የሚሠራ አይደለም፤ አየርና ዘይት የተቀናጁበት ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እንደ ማንኛውም አነስተኛ መኪና የፍሬን ፓምፑ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ግን በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ አይሄድም። በመካከል ያለ አጋዥ ሲሊንደር የዘይቱን ግፊት ተቀብሎ የአየር ቫልቭ ይከፍታል፤ በኮምፕሬሰር የታመቀው አየርም ሰፊ ፒስተን በመግፋት የዘይቱን ግፊት ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። ቀላልና ጉልበታም አሠራር ቢሆንም፣ በብዛት በተሸጠው በኤም 35 ኤ 2 ላይ አንድ ትልቅ ድክመት አለው፦ የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከስድስቱ ጎማዎች በአንደኛው በኩል ቱቦ ቢፈነዳ የሁሉም ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ለሾፌሩ የሚቀረው በካርዳኑ መስመር ላይ የተገጠመውና መኪናን አቁሞ ለመተው እንጂ ቁልቁለት የሚንደረደርን ጭነት ለማስቆም ያልተሠራው የእጅ ፍሬን ነው። የአየርና ዘይት ቅንጅት ለኢትዮጵያ መካኒኮች እንግዳ አይደለም፤ በደርግ ዘመን በሠራዊቱ እጅ የነበረው የሶቪየት ኅብረቱ ኡራልም በዚሁ መርሕ የሚሠራ ፍሬን ነበረው።

ኤም 939 ከዚህ ተለይቶ ሙሉ የአየር ፍሬን የተገጠመለት ነው። የአየር ፍሬንን ለባቡር የፈለሰፈው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 የመጀመሪያውን ሲሠራ፣ ባቡሩ የሚቆመው አየር ሲላክ ነበር፤ ቱቦው ከተበጠሰ ግን አየርም ፍሬንም አብረው ይጠፉ ስለነበር፣ በ1872 ነገሩን ገልብጦ የአየር መጥፋት ራሱ ፍሬን እንዲያስይዝ አደረገው። የዛሬ ከባድ መኪናዎች ይህንኑ ሐሳብ በብርቱ ሞላ ሠርተውበታል። በኋላ ጎማዎች የአየር ክፍል ውስጥ የተጨመቀ ሞላ አለ፤ መኪናው ሊሄድ የሚችለው አየር ሞላውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሲይዘው ብቻ ነው። አየሩ ካለቀ ሞላው ተለቆ ፍሬኑን ይይዛል። በሥራ ላይ ያለው ግፊት በአብዛኛው በካሬ ኢንች ከ100 እስከ 120 ፓውንድ ሲሆን፣ ወደ 60 ሲወርድ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያም እየቀነሰ ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል ሞላዎቹ በራሳቸው ይይዛሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢኖርም የኤም 939 ታሪክ ያለ እንከን አይደለም። መኪናው ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት እርጥብ መንገድ ላይ ሲሄድ ፍሬኑ በኃይል ከተረገጠ፣ ጎማዎቹ መዞር አቁመው ይንሸራተቱና መኪናው ይሽከረከር ነበር፤ በዚህ ምክንያት የሰው ሕይወት በመጥፋቱ ሠራዊቱ ፍጥነቱን በሰዓት 40 ማይል፣ ማለትም 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ገድቦ፣ በኋላም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ አስገጠመለት። መሣሪያው ሳይገጠምለት ለሐራጅ የቀረበ መኪና የገዛ ሰው ያንን የፍጥነት ገደብ ለራሱ ሕግ ሊያደርገው ይገባል።

ጥገናው የሚጀምረው ከውሃ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከውጭ የሚስበው አየር እርጥበት ስላለው፣ ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ከማጠራቀሚያው ግርጌ ይተኛል። በየቀኑ ካልተንቆረቆረ ብረቱን ያዝጋል፣ ቫልቮችን ያበላሻል፣ በብርድ አገር ደግሞ በቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። በኤም 35 ላይ ውሃ በሌላም በር ይገባል፦ የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት የሚመጥጥ ስለሆነ ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ ሲሊንደሮችን ከውስጥ ይበላል። ሠራዊቱ በኋላ እርጥበት ወደማይመጥጠው የሲሊኮን ዘይት የዞረው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ዘይቶች ግን ስለማይዋሃዱ ገዢው በመኪናው ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጥ መጨመር የለበትም። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። የጦር መኪና ሠላሳ ዓመት ቆሞ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቶ ሊገኝ ይችላል፤ የፍሬን ቱቦና ከጎማ የተሠሩ ሌሎች የፍሬን ክፍሎች ግን የሚያረጁት በዕድሜም ጭምር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስተካከል ነው። በሙሉ የአየር ፍሬን፣ አየሩ ዲያፍራም የተባለውን ስስ የጎማ ግድግዳ ሲገፋ ዲያፍራሙ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ በማስተካከያ ክንድ በኩል የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር የሚያጣብቀውን ብረት ያዞራል። የዲያፍራሙ ስፋት 30 ካሬ ኢንች፣ ግፊቱም 100 ፓውንድ ከሆነ ዘንጉ በ3,000 ፓውንድ፣ ማለትም በ1,360 ኪሎ ግራም ኃይል ይገፋል። ይህ ኃይል የሚገኘው ግን ዘንጉ አጭር ርቀት ሲጓዝ ብቻ ነው። ለተለመደው ባለ 30 ክፍል ወሰኑ ሁለት ኢንች፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ጉዞው ይረዝማል፣ የጋለ ታምቡር ደግሞ ተጨማሪ ያስረዝመዋል፤ በጋራዥ ሲመረመር ወሰኑ ላይ የደረሰ ፍሬን በቁልቁለት መካከል ዲያፍራሙ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ኃይሉን ይጨርሳል። አፈሳን ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶና ጎማው በታኮ ተይዞ ፍሬኑ ሲለቀቅ፣ ያለ ተሳቢ በአንድ ደቂቃ ከሁለት ፓውንድ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝም ከሦስት ፓውንድ በላይ ግፊት መውረድ የለበትም። ከወረደ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ በመቀባት አረፋ የሚያወጣው ቦታ ይገኛል።

የሞላውን ክፍል መፍታት ግን ፈጽሞ የጋራዥ ሙከራ አይደለም። በውስጡ የታመቀው ሞላ ሰው ሊገድል በሚችል ኃይል ስለሚፈናጠር፣ ክፍሉ ሳይከፈት እንዳለ በሙሉ ይለወጣል። መኪናው አየር አጥቶ መጎተት ሲኖርበት ሞላውን የሚሰበስብ ልዩ ብሎን አለ፤ ይህ ብሎን በገባበት ጎማ ላይ ግን የማቆሚያው ፍሬን እንደሌለ ስለሚቆጠር፣ ታኮ ሳይደረግ ብሎኑን የሚያስገባ ሰው መኪናውን ራሱ ላይ ይለቀዋል።

ተሳቢ ሲታከል ከመኪናው ሁለት የአየር መስመሮች ይነሣሉ። አንዱ ፔዳሉ ሲረገጥ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነው፤ ሌላው ሁልጊዜ አየር የሚሰጠውና ከተበጠሰ የተሳቢውን ፍሬን የሚያስይዘው ነው። ለኤም 35 የተፈቀደው የተሳቢ ክብደት ከመንገድ ውጪ 6,000፣ በመንገድ ላይ 10,000 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ ግራም 2,700 እና 4,500 ገደማ መሆኑ ነው። የራሱ የአየር ፍሬን የሌለውን የእርሻ ጋሪ ወይም ኤክስካቫተር የጫነ ተጎታች ከኋላ ማሰር፣ ባለ አንድ መስመሩን ፍሬን ያልታሰበለትን ሸክም ማሸከም ነው። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ቱቦዎቹ፣ ዲያፍራሞቹና የፍሬን ሲሊንደሮቹ ተመርምረው ያረጁት እስኪለወጡ ድረስ፣ የመጀመሪያውን ጭነት ከመጫን ይታቀብ።