ጭርት የያዛትን ድመት መጣል ቤቱን አያጸዳም

ልደታ ውስጥ በኮንዶሚኒየሙም ሆነ በቀሩት የቀበሌ ቤቶች ድመት የምትያዘው በአብዛኛው ለአይጥ ነው። ቀን ዱቄትና ሽሮ ትጠብቃለች፤ ማታ ከልጆቹ ጋቢ ስር ትገባለች። የልጁ ክንድ ላይ ክብ፣ ጠርዙ የቀላ፣ የሚያሳክክ ጭርት ሲወጣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት። በማዳበሪያ ከረጢት ተይዛ ሌላ ሰፈር ስትጣል ማየት ያሳዝናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይጠቅምም።

ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ድመትን ጭርት የሚያሲዛት በአብዛኛው ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለ ፈንገስ ነው፤ ወደ ውሻም ወደ ሰውም ይተላለፋል። የልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር ግን በአገራችን በብዛት የሚመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላስየም ከተባለ ሌላ ፈንገስ ነው። ይህኛው ከሰው ወደ ሰው በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በፀጉር መላጫ ማሽን ይሻገራል። ስለዚህ ልጁ ቆረቆር ስለያዘው ብቻ ድመቷን ጥፋተኛ ማድረግ ስህተት ነው፤ አስቀድሞ እሷን ማየት ይገባል።

ጆሮዋን፣ የአፍንጫዋን ዙሪያና የፊት እግሮቿን በብርሃን ይመልከቱ። ጭርት ከያዛት ፀጉሩ ከሥሩ ተሰባብሮ የተላጨ ይመስላል፤ ቆዳው ላይ ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይኖራል። ብዙ ጊዜ አያሳክካትም። አንዳንዷ፣ በተለይ ረጅም ፀጉር ያላት፣ ምንም ሳይታይባት ፈንገሱን ትሸከማለች። የእንስሳት ሐኪም በጨለማ ክፍል ዉድ ላምፕ የተባለውን መብራት ሲያበራባት የታመመው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ያበራል። አላበራም ማለት ግን ነፃ ናት ማለት አይደለም፤ ፀጉሯ በማይክሮስኮፕና በላቦራቶሪ መታየት አለበት።

ሕክምናው ለምን እንደሚረዝም ለመረዳት የረገፈውን ፀጉር ማሰብ ነው። የፈንገሱ ዘር እያንዳንዱ ፀጉር ላይ ተጣብቆ ምንጣፍ፣ ሶፋና ብርድ ልብስ ላይ ይቀራል፤ በደረቅ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ድመቷ ብትጣልም ዘሩ ቤት ይቀራል፤ እሷም ለአዲሱ ሰፈር ታካፍላለች። የተላጠውን ቦታ ብቻ ቅባት መቀባትም ስለዚህ አይበቃም። መላ አካሏን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሐኪም ባዘዘው ማይኮናዞልና ክሎርሄክሲዲን ባለው ሻምፑ ወይም ላይም ሰልፈር በተባለው መድኃኒት ማጠብ፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ ክብደቷ የሚሰጥ ኢትራኮናዞል ያስፈልጋታል። ለልጁ የታዘዘውን የቆረቆር መድኃኒት ግሪስዮፉልቪን ከፋፍሎ ለድመቷ መስጠት አደገኛ ነው፤ ያረገዘች ከሆነ ግልገሎቿን ይጎዳል። የሚቀባት ላምባና የተቃጠለ ዘይትማ ራሷን ስትልስ ሆዷ ገብቶ ይመርዛታል።

ከፋርማሲ በግምት የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ክሬምም፣ ለሰውም ቢሆን፣ መቅላቱንና ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። የራስ ቆረቆር ደግሞ ክሬም ወደ ፀጉሩ ሥር ስለማይደርስ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዶ ቤት ድመት እንዳለ መናገር ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ቤት ሲጸዳ ደረቅ መጥረጊያ ፀጉሩን ያቦናል፤ በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ይሻላል። ወለሉ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በውሃ የቀጠነ በረኪና ይፍሰስበት፤ መስኮት ይከፈት፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፣ ድመቷ እስኪደርቅ አትግባ። አንሶላና ጋቢ በደንብ ይታጠቡ። ትርፍ ክፍል ያለው ድመቷን ለብቻዋ ያቆያት። ባለ አንድ ክፍል ቤት ይህ ከባድ ነው፤ እዚያ ቢያንስ ከአልጋ ማራቅና ፀጉሩን በየቀኑ ማንሳት ይቻላል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ድመት ወይም ውሻ ካለም አብሮ ይመርመር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሕክምናው መጨረሻ ላይ ነው። የድመቷ ፀጉር ሲበቅል ዳነች ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል፤ ፈንገሱ ግን ቆዳው ካማረ በኋላም ሊኖር ይችላል። ሕክምናው ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል፤ የሚቆመውም ፀጉሯ ዳግም ተመርምሮ ሐኪሙ ነፃ ናት ሲል ነው።