ሰፈሯን ያልደበቀች መሪ

ወጣቶች ሥራ ሲፈልጉ የሰፈራቸውን ስም እንደሚደብቁ ስሰማ ቤተልሔም ጥላሁን ትዝ ትለኛለች። ያደገችበት ዘነበወርቅ በአለርት ሆስፒታል ምክንያት "የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር" እየተባለ ሰው ሲሸሸው የኖረ ሰፈር ነው። እሷ ግን ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት እዚያው መሠረተች። በአካባቢዋ መፍተልና መሸመን የሚችል ሰው ሞልቷል፤ የጠፋው ሥራ ነበር። ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ መነሻ አድርጋ፣ ሶሉ ከአሮጌ ጎማ፣ ጨርቁ ከእጅ ፈትል የተሠራ ጫማ ለውጭ ገበያ አቀረበች።

ለእኔ እውነተኛ መሪ ማለት ይህ ነው፤ ሌላው ጉድለት ብቻ በሚያይበት ቦታ ሙያን የሚያይ፣ ካደገም በኋላ በመነሻው የማያፍር። እስቲ እኛም በሰፈራችን ከማፈራችን በፊት በየቤታችን ያለውን ሙያ እንቁጠር።