ከቢቸናና ከሞጣ እስከ ቦሌ፦ የሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ መንገድ

በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የእርሻ መሬት ሲደለድል ገና ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል። ቢቸና ባለችበት በእነማይም ሆነ ሞጣን በሚከባት በሁለት እጁ እነሴ፣ ለብዙዎቹ የሚተርፋቸው ከአባት ማሳ ተቆርሶ ከወንድምና ከእኅት ጋር የሚካፈሉት ቁራሽ መሬት ነው። ጤፉ ስመ ጥር ነው፤ የጮቄ ውሃም አልነጠፈም፤ መሬቱ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ወጣቱ ድሮም ይወጣ ነበር። ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ቀን ሥራ ይገባል። ከመተማ አልፎ ገዳሪፍና ካርቱም የዘለቀም አለ። የሰሜኑ ጦርነት የሁመራን ሥራ አናጋው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የዚያም ተስፋ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልሉ ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ምሥራቅ ጎጃምም አልተረፈም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልሂድ የሚል ልጅ ዓረብ አገርን ቢያስብ አያስገርምም።

በባሌ፣ ማለትም በሕገ ወጥ መንገድ፣ የሚሄደው ምን እንደሚገጥመው ይታወቃል። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ኦቦክ ይደርሳል፤ ወይም ሶማሊያ ቦሳሶ ይወርዳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የመን አብያን ጠረፍ ላይ የሰጠመችው ጀልባ 157 ያህል ሰዎችን ጭና ነበር፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ ከ90 በላይ ሞተዋል። ባሕሩን ያለፈውም ገና የየመንና የሳዑዲ ድንበር ይቀረዋል። እዚያ በስደተኞች ላይ የደረሰውን ግድያ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ዘርዝሮ አውጥቶታል።

በቦሌ የሄደ ሁሉ ግን በሕግ ሄደ ማለት አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ደላላው የጉብኝት ቪዛ ያስመታና ልጅቷን በአውሮፕላን ይሸኛታል። ቪዛው እውነተኛ ነው፤ ትኬቱም እውነተኛ ነው፤ የሥራ ውል ግን የለም። ቀኑ ሲያልፍ መኖሪያ ፈቃድ የላትም፤ ደመወዝ ብትከለከል የት ብላ ትከሳለች? የሕጋዊነቱ ልክ አውሮፕላኑ ሳይሆን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተመዝግቦ የጸደቀው ውል ነው።

ሕጉ ራሱ ብዙ ወድቆ የተነሣ ነው። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 104 በ1990 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ 632 ተተካ። በመካከሉ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ ታገደ። እገዳው ጸንቶ ሳለ የሁለት ልጆች እናት ዓለም ደቻሳ ቤይሩት ገባች፤ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ በጉልበት እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት ዓለም በቪዲዮ አየ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ይህን ያየ መንግሥት እገዳ ብቻውን ሰው እንደማያድን ሊማር በተገባው ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ግን ጉዞው ለሁሉም አገር ታገደ። ወዲያው ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ፤ በእነዚያ ዓመታት የሠለጠነው ደላላው ነበር።

አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ 1246 ተሻሽሏል። መሠረቱ ቀላል ነው። ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው ይሁን፤ ለሥራው ሠልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ፣ ሰው ሲኦሲ የሚለውን፣ ይያዝ፤ የሚላከውም ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደፈረመችበት አገር ይሁን። ከሳዑዲ ጋር በ2009 ዓ.ም. ስምምነት ተደረሰ፤ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝም በወር 1,000 ሪያል ሆነ፤ 267 ዶላር ገደማ ነው። ዮርዳኖስና ኳታርም ስምምነት ካላቸው ውስጥ ናቸው።

ወላጆች በቃላቸው ሊይዙት የሚገባው ግን የገንዘቡን አንቀጽ ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ በአሠሪው ላይ ናቸው። የሠራተኛዋ ወጪ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት፣ ሲኦሲ፣ እንዲሁም የሰነድ ማረጋገጫ ነው። ኤጀንሲው የአገልግሎት ዋጋውን ከአሠሪው እንጂ ከእሷ አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ሰው በሬ አስሽጦ "ለቪዛ ነው" ብሎ ገንዘብ ከወሰደ፣ ሕግ የማያውቀውን ዋጋ ወስዷል። አዋጁ ሲወጣ ኤጀንሲ 100 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ያዘዘው፣ ከአሠሪውም ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደረገው ልጅቷ ብትበደል የምትጠይቀው አገር ቤት ያለ አካል እንዲኖር ነው። ደላላን ማን ይጠይቀዋል? ስልኩን ከቀየረ አበቃ።

ታዲያ ሕጋዊው መንገድ በገንዘብ እንዲህ ከቀለለ ሰው ለምን ደላላ ጋ ይሄዳል? ብዙ ጊዜ መልሱ "ካለማወቅ" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሞጣ ልጅ ምዝገባ፣ ሥልጠና፣ ምዘና፣ ፓስፖርት፣ ምርመራ፣ አሻራ ሲባል ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ ትመላለሳለች። ኤጀንሲዎቹ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው። መንገድ በተዘጋ ቀን ቀጠሮዋ ያልፋል፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ሆኖ ሳለ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡ ሲደመር በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነው መንገድ ይወደዳል። ደላላው ግን እዚያው ገበያው ዳር ነው፤ አባቷን በስም ያውቀዋል፤ "ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ" ይላል። የሚሸጠው ቅርበቱን ነው። በሰው መነገድን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012 ከባድ ቅጣት ደንግጓል፤ ነገር ግን ሥልጠናውና ምዘናው ቢቸና ላይ እስካልተሰጠ፣ ለፓስፖርት የሚደረገው ጉዞ እስካላጠረ ድረስ ቅጣቱ ብቻውን ደላላን ከሥራ አያወጣውም።

የወንዶቹ ነገር የባሰ ነው። የሁለትዮሽ ስምምነቶቹ በተግባር የከፈቱት በር በአብዛኛው ለሴት የቤት ሠራተኞች ነው። ግንበኛ፣ እረኛ ወይም ሾፌር ሆኖ ልሥራ የሚል የእነማይ ጎረምሳ የሚጠብቀው ሰልፍ እምብዛም የለም። የኦቦክ መንገድ በወንዶች የተሞላበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አዋጅ 923 በራሱ ሥራ ያገኘ ሰው በቀጥታ እንዲቀጠር የሚፈቅድበት ሁኔታ አለው፤ የቤት ሠራተኝነት ግን በዚህ አይካተትም። ካናዳ ወይም አውሮፓ የሥራ ቪዛ አለኝ የሚል ሰው ሲመጣም የአሠሪውን የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ከአገሩ ኤምባሲ ማጣራት ግድ ነው።

ውሉ እጅ ሲገባ የሚታየው ምንድን ነው? የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ ደመወዙ በቁጥር፣ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን፣ የመመለሻ ትኬት፣ በሚገባት ቋንቋ መጻፉ። በሳዑዲ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር፣ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝ ይላል። ደንቡ መኖሩን የምታውቅ ልጅ ቢያንስ ማዳሟ ፓስፖርቷን ስትጠይቃት የምትመልሰው አላት። ሆኖም ከፊሏን፣ ማለትም አሠሪዋን፣ ትታ ብትጠፋ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ያለችበት ሁኔታ በጀልባ ከሄደው ብዙም አይለይም። ስለዚህ የኤጀንሲዋን፣ የኤምባሲውንና የቤተሰቧን ስልክ በወረቀት ጽፋ መያዝ አለባት፤ ሞባይል በመጀመሪያው ቀን ሊወሰድ ይችላል።

የመጨረሻው ነገር ገንዘቡ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1,000 ሪያል በባንክ 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሚላከው ግን ብዙውን ጊዜ በወንድም ወይም በአባት ስም ነው፤ ስትመለስ ቤቱ የወንድም ነው፣ ባጃጁም የወንድም ነው። ከመሄዷ በፊት ቢቸና ወይም ሞጣ ካለው ባንክ በራሷ ስም ሒሳብ ትክፈት፤ ለቤተሰብ የምትረዳውን ለይታ ትላክ፤ የቀረው ደብተሯ ላይ ይቀመጥ።